የዕድሜ መግፋትና የማስታወስ ችሎታ፤ ጤናማው ለውጥ ከበሽታው በምን ይለያል?

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የምትገኘው ባቲ ከተማ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። በዚህ ገበያ ግመልና ፍየል ነድተው ከአፋር ቆላ የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከወሎ አርሶ አደሮች ጋር ይገናኛሉ። አፋሮች ዜናን በቃል የሚለዋወጡበት የ«ዳጉ» ሥርዓትም በማስታወስ ላይ የቆመ ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበረ የዕድሜ፣ የዝምድና ወይም የወሰን ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት አረጋውያን ናቸው። አንድ አዛውንት ስም ስለጠፋባቸው ብቻ «ጃጅተዋል» ተብለው ቃላቸው ቢናቅ ባለጉዳዩም አብሮ ይጎዳል። በአንጻሩ የታመመን ሰው «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ከሕክምና ያርቀዋል።

ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል መጠን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። አዲስ ነገርን ለመመዝገብ የሚያገለግለው «ሂፖካምፐስ» የተባለው ክፍልና ሐሳብን የሚያቀናጀው የፊተኛው ክፍል በተለይ ይነካሉ። በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለው የመልእክት ልውውጥም ይዘገያል። በዚህም የተነሳ ስም ቶሎ አለመምጣት፣ ዕቃ የተቀመጠበትን ቦታ መዘንጋትና ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራት መቸገር ይታያል። ይሁን እንጂ የቃላት ሀብት፣ ጠቅላላ እውቀትና ለዓመታት የተለማመዱት ሙያ በአብዛኛው አይጠፉም።

የመርሳት በሽታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቀጠሮ ረስቶ ቆይቶ ማስታወስ የተለመደ ሲሆን፣ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ በሚያውቁት መንገድ መጥፋት፣ ገንዘብ መቁጠር ማቃትና የጠባይ መለወጥ ግን ምርመራ ይሻሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ድባቴና አንዳንድ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉና ብዙዎቹም ስለሚታከሙ ምርመራው ትርጉም አለው።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚገኙ ናቸው። «ላንሴት» የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ የትምህርት ማነስን፣ የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን፣ የመስማት ችግርን፣ ማጨስንና ብቸኝነትን ጨምሮ 14 አጋላጭ ሁኔታዎችን በመቀነስ እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን ሕመም መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አመልክቷል። የእግር ጉዞ፣ በቂ እንቅልፍና ማኅበራዊ ግንኙነትም አንጎልን ይጠቅማሉ።

ስለሆነም አረጋውያንን የሚያስተናግድ ሠራተኛ ጥያቄን አንድ በአንድ፣ ጮክና ረጋ ብሎ ማቅረብ፣ ለመልስ ጊዜ መስጠትና ቀጠሮን በወረቀት ጽፎ መስጠት ይጠበቅበታል። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ቢጠፋባቸው «ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። የዘገየ መልስ የተሳሳተ መልስ አለመሆኑን መገንዘብ ተገቢ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሱት የበሽታ ምልክቶች ሲታዩ ደግሞ ቤተሰቡ ወደ ጤና ተቋም እንዲወስዳቸው መምከር ያስፈልጋል።