ያውቁ ኖሯል? በሞያሌ ሰዓቱ ይገጥማል፣ ቀኑ ግን አይገጥምም

ስለ ተግባቦት ከተነደፉት ሞዴሎች ስመ ጥሩው የክሎድ ሻነን ነው። በቤል የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባቀረበው ንድፍ መልእክት ከምንጩ ተነሥቶ በመስመር ወደ ተቀባዩ ይጓዛል፤ በመንገዱ ላይ ጫጫታ ያውከዋል። ለስልክ ይበቃል፤ ለሰው ግን አይበቃም።

የተግባቦት ተመራማሪው ዊልበር ሽራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የላኪንና የተቀባይን የሕይወት ልምድ በሁለት ክቦች ሳለ። ሰዎች የሚግባቡት ክቦቹ በሚደራረቡበት ቦታ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ለሁለት የተከፈለችው ሞያሌ ትመቻለች። በኬንያ የሚነገረው ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ የጠዋቱ «ሳአ ምቢሊ» የእኛው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሁለቱ አገሮች የሰዓት ቀጠናቸውም አንድ ስለሆነ፣ ከማዶ ሰው ጋር የሚቀጣጠር ነጋዴ በሰዓት አይሳሳትም። (ያንኑ ሰዓት 8 የሚለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው!)

ቀን ላይ ሲደረስ ግን ክቦቹ ይለያያሉ። ኬንያ አዲስ ዓመት የምታከብርበት ጃንዋሪ 1 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ታኅሣሥ 23፣ አንዳንዴም 22 ነው። ወርን በቁጥር መጻፍ ደግሞ ይብሳል፦ 5ኛው ወር ለኬንያዊው ሜይ፣ ለኢትዮጵያዊው ጥር ነው። ሽራም «ልምድ» ያለው እንዲህ ያለውን ነው፤ መስመሩ ቢጠራም አያድንም።

ድንበር ተሻግረው ቀጠሮ የሚይዙ ከሆነ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ።