በአሶሳ መንገድ ላይ ስለሚሠሩ ደብል ጋቢና ፒክአፖችና ስለ ኋላ ወንበራቸው ስፋት

በአሶሳ ከተማ ጧት ጧት በመሥሪያ ቤቶች በር ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ለመስክ ሥራ ከሚሰናዱት መኪናዎች ብዙዎቹ ደብል ጋቢና ፒክአፖች መሆናቸውን ለማስተዋል ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። ይህ መኪና ሁለት ረድፍ ወንበርና አራት በር ያለው፣ ከጀርባውም ክፍት የጭነት ሣጥን የተገጠመለት ነው። ክትባት በበረዶ ሣጥን የሚያደርሱት የጤና ሠራተኞች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ ትምህርት ቤት የሚጎበኙት ሱፐርቫይዘሮች፣ በሸርቆሌና በባምባሲ የስደተኞች መጠለያዎች የሚሠሩት የረድኤት ድርጅቶች ሰዎች የሚጓዙት በዚሁ ነው። እንግዲህ ለጭነት ተብሎ የሚሠራው መኪና በተግባር የሰው ማመላለሻ ሆኗል ማለት ነው። ሆኖም በግዢ ጊዜ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ጭነቱ ልክና ስለ ጎማው ብዙ ሲጠየቅ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ሦስት ሰዎች እግራቸውን የት እንደሚያኖሩ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይህ አጭር ጽሑፍ ስፍራው ለምን እንደሚጠብ፣ በምን እንደሚለካና ልኩም ምን እንደሚሰውር ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ነገሩን ቀላል እንዳይሆን ያደረገው ርቀቱ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ወደ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ክልሉ ራሱ ወደ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን የዓባይ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል በሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በደቡብ ይገኛሉ። ስለዚህም ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው መሄድ በካርታ ላይ እንደሚታየው አጭር አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ ወለጋና በካማሺ በኩል በተነሣው የጸጥታ መደፍረስ መንገዱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ፣ ዐቅም ያለው ሰው ወደ አሶሳ በአውሮፕላን መሄድን መርጧል። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ መንጌ ወይም ኩርሙክ ድረስ አያደርስም፤ ከአሶሳ ወዲያ ያው ፒክአፑ ነው።

ፒክአፕ ሲጀመር አንድ ረድፍ ወንበር ብቻ ነበረው። ሁለት ረድፍ ያለውን በፋብሪካ ሠርቶ በማቅረብ ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ትራቭሌት የሚባለውን መኪና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ያም ቢሆን በመጀመሪያው ጊዜ ሦስት በር ብቻ ስለ ነበረው ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የሚገባው በአንድ ጎን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ቶዮታ ሃይሉክስም ሲወለድ ሁለት በር ነበረው። የኋላው ረድፍ እንግዲህ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ቤቱ ከተሠራ በኋላ የመጣ እንግዳ ደግሞ የሚያድረው በተገኘው ጥግ ነው።

ይህን በቁጥር ለማየት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ሃይሉክስ እንመልከት። ረጅሙ ሲንግል ጋቢናም ሆነ ደብል ጋቢናው ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 3,085 ሚሊሜትር ነው፤ የሁለቱም ጠቅላላ ርዝመት ከ5.3 ሜትር ብዙም አይርቅም። ሻንሲው አንድ፣ ርዝመቱም አንድ ሆኖ ሳለ የሲንግሉ የጭነት ሣጥን ወደ 2.3 ሜትር ሲሆን የደብሉ ግን ወደ 1.5 ሜትር ነው። ልዩነቱ ወደ 80 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሦስት ዐዋቂዎች ከነጀርባቸው፣ ከነጭናቸውና ከነጉልበታቸው፣ ከመደገፊያው ውፍረትም ጋር እንዲያድሩበት የተሰጠው በዋናው ይህ 80 ሴንቲሜትር ነው። ቁጭ ያለ ሰው ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ ጫፍ በመካከለኛ ቁመት ወደ 60 ሴንቲሜትር እንደሚሆን ስናስብ የሚተርፈው ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ይታያል። በሌላ በኩል ነጋዴውን ብንጠይቀው የሣጥኑ ማጠር ነው የሚያማርረው፤ የአሶሳን ማንጎ በጆንያ ለመጫን 1.5 ሜትር ይበቃ ይሆናል፣ የቆላውን ቀርከሃ ግን ከስፖንዳው በላይ አንጠልጥሎ ካልሆነ አይጭነውም።

ታዲያ ፋብሪካው ጋቢናውን ወደ ኋላ ጥቂት ቢገፋው ምን ይጎዳል? የጭነት መኪና ሸክሙን መሸከም የሚገባው በኋላው አክስል ላይ ወይም ከእርሱ ጥቂት ወደ ፊት ነው። ሣጥኑ ወደ ኋላ በተገፋ ቁጥር ሸክሙ ከአክስሉ በስተጀርባ ስለሚያርፍ የኋላው ባሌስትራ ይጎብጣል፣ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ መሪውም መሬቱን በሚገባ መያዝ ያቅተዋል። በክረምት ጭቃ ላይ ይህ አደጋ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ሁለቱን አክስሎች ማራራቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መኪናው ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ በጉብታ ላይም ሆዱ መሬት ይነካል። ሦስተኛው ዘዴ ሞተሩን በርዝመት ሳይሆን በአግድም ከግራ ወደ ቀኝ አስቀምጦ ጋቢናውን በሙሉ ወደ ፊት ማምጣት ነው።

እነዚህ ዘዴዎች የሚያስከትሉት ልዩነት በአሜሪካ ገበያ በአንድ ዓይነት መለኪያ ከታተሙት ቁጥሮች በግልጽ ይታያል። ከ2016 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የተሠራው ደብል ጋቢና ቶዮታ ታኮማ የኋላ እግር ስፍራው 82.8 ሴንቲሜትር ነው። በአግድም ሞተር የተሠራው ሆንዳ ሪጅላይን ግን፣ በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት ከአጭሩ ታኮማ በ5 ሴንቲሜትር ያህል አንሶ ሳለ፣ 93.2 ሴንቲሜትር ይሰጣል። ጂፕ ግላዲዬተር አክስሎቹን ወደ 3.49 ሜትር አራርቆ 97.3 ደርሷል። ከእነዚህ መደብ በላይ የሆነው ባለ አራት በሩ ትልቁ ፎርድ ኤፍ 150 ደግሞ 110.7 ነው። እነዚህ መኪናዎች በአሶሳ የሚዘወተሩ ስለ ሆኑ አይደለም የተጠቀሱት፤ አንድ መደብ ተብለው በሚሸጡት በመጀመሪያዎቹ ሦስት መካከል እንኳ ወደ 15 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ልዩነት እንዳለ ለማሳየት ነው። 15 ሴንቲሜትር ከአንድ ሰው መዳፍ ርዝመት ብዙም አያንስም፤ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ግን ጉልበቱ በነፃ መንቀሳቀሱና አለመንቀሳቀሱ የሚወሰነው በእርሱ ነው።

ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። አንባቢ «የእግር ስፍራ» ሲባል ከወንበሩ ጠርዝ እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ በሜትር የተለካ ይመስለዋል። አይደለም። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት የሚለካው ከተቀማጩ የዳሌ መጋጠሚያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ መጋጠሚያ ሆኖ፣ በዚያ ላይ 254 ሚሊሜትር ይጨመርበታል። ከዚህም የተነሣ በፊተኛው ወንበር ሥር እግር የሚያስገባ ክፍተት ከተገኘ፣ ጉልበቱ ወንበሩን እየነካ ቁጥሩ ግን ያማረ ሊሆን ይችላል። የጉልበቱ ርቀት ብቻውን የሚለካበት ሌላ መለኪያ በዚያው ደንብ ውስጥ አለ፤ በሽያጭ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ቁጥሩ የማይናገረው ሌላው ነገር የወንበሩ ከፍታ ነው። የፒክአፑ ወለል በሻንሲው ብረቶች ላይ የተዘረጋ ስለ ሆነ ከፍ ይላል፤ ጣራው ግን በዚያው ልክ ከፍ ሊል ስለማይችል የኋላው ወንበር ወደ ወለሉ ይቀርባል። ዱካ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል፣ ጭኑ ከወንበሩ ይለያል፣ ክብደቱ ሁሉ በመቀመጫ አጥንት ላይ ያርፋል። መደገፊያው ደግሞ ከጋቢናው የኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ እንደ ቤት መኪና ጋደል ማለት አይችልም፤ ተጓዡ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይውላል። በመካከል የሚቀመጠውማ እግሩን በወለሉ ጉብታ ግራና ቀኝ ከፍሎ ነው የሚጓዘው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የኋላውን ስፍራ የሚወስነው ፋብሪካው ሳይሆን ከፊት የተቀመጠው ሰው ነው። በአገራችን ጋቢና የክብር ቦታ ነው፤ ኀላፊ፣ ሽማግሌ ወይም እንግዳ ከፊት ይቀመጣል። የተለካው ስፍራ የፊቱ ወንበር አምራቹ በወሰነው ቦታና በወሰነው ዘንበል ሲቆም የሚገኘው ነው፤ መደገፊያው ለእንቅልፍ ወደ ኋላ ሲጋደም ያ ሁሉ ሒሳብ ይፈርሳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጊዜ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ መሥሪያ ቤት መኪና ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ ሲጓዝ፣ ከፊት የነበሩት ትልቅ ሰው ከተማውን እንደ ወጣን ወንበራቸውን አጋድመው ተኙ። «ጋሼ፣ ጥቂት ወደ ፊት ይሳቡልን» ለማለት ከሦስታችን የደፈረ አልነበረም። ሾፌሩ በመስተዋቱ ውስጥ አይቶን ፈገግ አለ፤ እርሱም ዝም አለ። እኔም ጉልበቴን አጣጥፌ ወደ በሩ ዞርኩና እንደዚያው ደረስን።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሕክምና ጥናት ያስረዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የጥናት ውጤት እንደሚያመለክተው፣ አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሰዋል። ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስና በአውቶሞቢልም ያው ነው። ጤነኛ ለሆነ ሰው አደጋው ከ6,000 አንድ ያህል በመሆኑ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ነገር ግን ለወፍራም ሰው፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ለምትወስድ ሴት፣ ቁመቱ ከ1.90 ሜትር ለሚበልጥ ወይም ከ1.60 ሜትር ለሚያንስ ሰው ከፍ ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ደሙን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ሲኮማተር ነው፣ ጉልበቱ የተቆለፈበት ሰው ደግሞ ባቱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ነቀምት ለመድረስ ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ እንደሚያስፈልግ ሲታሰብ፣ የአራቱ ሰዓት ወሰን ከመንገዱ እኩሌታ በፊት ያልፋል። ስለዚህ በአምቦና በባኮ መኪና አቁሞ መውረድና ጥቂት መራመድ ከሻይ መጠጣት የበለጠ ጥቅም አለው።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ስፍራው ስለማይሰፋ፣ ሊደረግ የሚቻለው ነገር አስቀድሞ በግዢው ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ለማመላለስ የሚገዛ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ፒክአፕ የግድ መሆኑን ቢመረምር ይሻላል፤ ጭነቱ ሁለት የበረዶ ሣጥንና ጥቂት ካርቶን ከሆነ ባለ ረጅም ጣራው የመስክ መኪና ይበቃዋል። ፒክአፑ ካስፈለገ ግን የሻጩን ቁጥር ብቻ ከመቀበል ይልቅ ለናሙና በመጣው መኪና ላይ ቀላል ፈተና ማድረግ ይቻላል። በመሥሪያ ቤቱ ካሉት ሾፌሮች ረጅሙ መሪውን ይዞ እንደሚነዳው አድርጎ ይቀመጥ፤ ከጎኑም ሌላ ሰው ይቀመጥ፤ ወንበሮቹ በዚያው ይቆለፉ። ከዚያ ከኋላቸው ሦስት ዐዋቂዎች ተቀምጠው በሮቹ ይዘጉ። በእያንዳንዱ ጉልበትና በፊቱ ወንበር ጀርባ መካከል አንድ ጭብጥ እጅ ማለፉ፣ የእግር ጣትም ከወንበሩ ሥር ገብቶ መንቀሳቀሱ ይታይ፤ ሦስቱ ሰዎችም ሳይወርዱ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። የዚህ ፈተና ውጤት በጨረታው ሰነድ ላይ ከጭነቱ ልክ ቀጥሎ በአንድ መስመር ሊጻፍ ይችላል።