መኪናም እንደ አገሩ ነው

ከመገናኛ ተነስተን በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ተራራ ስንወጣ አንድ ነገር እናያለን። በሜዳው ላይ እንደልቡ ሲሮጥ የነበረ የጭነት መኪና ዳገቱን ሲይዝ ያቃስታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሌላው ያንኑ ያህል ጭነት ይዞ ያልፈዋል። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ደገኛ ጋቢ ይደርባል፤ ቆለኛ ስስ ነጠላ ይለብሳል። ሁለቱም ጥጥ ነው፤ አሠራሩ ግን እንደ አገሩ ነው። የመኪና ፋብሪካዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። መኪናውን በአንድ ስም ይጠሩታል። ወደተለያየ አገር ሲልኩት ግን ለአንዱ ይጨምሩለታል፤ ከሌላው ይቀንሱበታል።

አገሩ ያስገደደው ልዩነት

በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለውን ላዳ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የላዳ አባት ፊያት 124 የሚባል የጣሊያን መኪና ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋውላ ይህን መኪና በ1962 ዓ.ም. በአገሯ መሥራት ጀመረች። የሩሲያ መንገድ ግን ኮረኮንች፣ ጭቃና በረዶ የበዛበት ነበር። ስለዚህ ላሜራው ወፈር ተደረገ። ሆዱ ከመሬት ከፍ አለ። የኋላ ጎማው ክፍት ፍሬን በጭቃ ስለሚበላ፣ ከበሮ በሚመስል ዝግ ፍሬን ተተካ። ለሩሲያ ተብሎ የተበጀው ጥንካሬ ለኛም ጉድጓድ ጠቀመ።

ሌላው ምክንያት ከፍታ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በጅቡቲ ወደብ ሞተሩ የሚስበው አየር 10 እጅ ቢሆን፣ በእንጦጦ 7 እጅ ያህል ብቻ ነው። እሳት ያለ አየር አይነድም። በሞተር ውስጥ ያለ ነዳጅም እንደዚያው ነው። በድሮ መኪና ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ወደ ደጋ ከመጣ፣ ነዳጁ ይበዛል፤ አየሩ ያንሳል። ያን ጊዜ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ዳገቱን በተሻለ ጉልበት ይወጣል።

ገንዘብ ያመጣው ልዩነት

ልዩነቱ ሁሉ ግን ለአገር ተብሎ የተደረገ አይደለም። ኤርባግ በግጭት ጊዜ ባንዳፍታ ተነፍቶ ሰውን የሚደግፍ ከረጢት ነው። የአንድ አገር ሕግ ኤርባግ ይኑር ብሎ ካላዘዘ፣ ገዢውም ካልጠየቀ፣ አንዳንድ ፋብሪካ ዋጋ ለመቀነስ ሲል ይተወዋል ወይም ቁጥሩን ያሳንሰዋል።

በ2013 ዓ.ም. ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው የመኪና ደህንነት መርማሪ ድርጅት አንድ ሙከራ ይፋ አደረገ። ሁለት የኒሳን ፒካፖች ሆን ተብሎ ፊት ለፊት እንዲጋጩ ተደረገ። አንዱ ለአፍሪካ ገበያ የተሠራ አዲስ መኪና ነው። ሁለተኛው በአውሮፓ ሲነዳ የቆየ አሮጌ ነው። በሾፌሮቹ ቦታ የሰው ምስል ተቀመጠ። ውጤቱ ምን ሆነ? በአሮጌው የአውሮፓ መኪና ውስጥ ያለ ሾፌር በሕይወት ይተርፍ ነበር። በአዲሱ የአፍሪካ መኪና ውስጥ ያለው ግን የመሞት አደጋ ይደርስበት ነበር። እንግዲህ አዲስ ስለሆነ ብቻ መኪናው ደህና ነው አይባልም።

በ2016 ዓ.ም. የአገራችን መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዙ። የኤሌክትሪክ ሞተር ነዳጅ አያነድም፤ ስለዚህ የእንጦጦ ስስ አየር ጉልበቱን አይቀንሰውም። ይህ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ከነዚህ መኪናዎች አንዳንዶቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። በሾፌሩ ፊት የሚታየው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው። ሾፌሩ ምን ቢማር፣ መኪናው የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ካልቻለ ምን ይጠቅመዋል?

ስንገዛ ምን እንጠይቅ?

ማኅበራችን ገንዘብ አዋጥቶ መኪና ሊገዛ ይችላል። ያ ገንዘብ የብዙ ሰው ላብ ነው። በመኪናው የሚሳፈሩትም ልጆቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ስሙንና ቀለሙን አይተን አንግዛ። የሚያውቅ መካኒክ ይዘን እንሂድ። ለየትኛው አገር ነው የተሠራው? ኤርባግ ስንት አለው? ለየወንበሩ ቀበቶ አለው? መለዋወጫው እዚህ ይገኛል? ብለን እንጠይቅ። ጭነን ዳገት እናስወጣው። ሻጩ አለው ያለው ሁሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነውና፣ ከመፈረማችን በፊት ውሉን እናንብብ።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ያልጠየቀ ገዢም የጎደለውን ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄዎች
1. ላዳ ከፊያት 124 በምን በምን ይለያል? ለምን?
2. የነዳጅ ሞተር በእንጦጦ ላይ ለምን ይደክማል?
3. በአካባቢያችሁ ካሉ መኪናዎች ውስጥ ለየወንበሩ ቀበቶ ያላቸው ስንት ናቸው? ቆጥራችሁ ተወያዩበት።