መንገደኛ ደቀ መዝሙር

በጣሊያን ሀገር በቦሎኛ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የካርፒጃኒ ጄላቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ከየአህጉሩ የሚመጣውን እንግዳ ሽርጥ አስታጥቆ፣ ወተትና ስኳር በብርድ እየተናጡ፣ አየርም እየገባባቸው እንደምን አይስክሬም እንደሚሆኑ በእጁ እያሠራ ያስተምረዋል። እንዲህ በእጅ እየሠሩ ለመማር ግን ባሕር መሻገር ግድ አይደለም፤ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ማጂ የሚወርድ መንገደኛ፣ በጥላ ዛፍ ሥር ከቡና ለቃሚዎች ጎን ቆሞ ቀዩን እሸት ካልበሰለው መለየትን ሲሞክር፣ ደቀ መዝሙርነቱን ጀመረ ማለት ነው። እሸቱ ወይ ከነገለፈቱ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፣ ወይ ተፈልፍሎና በገንዳ ውስጥ አድሮ፣ ዝልግልጉ ሲለቅ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል፤ የታጠበው ጥርት ያለ፣ ጀንፈሉ ወፈር ያለ ጣዕም አለው፤ እኔስ ለጀንፈሉ አደላለሁ።

ከዚሁ ምድር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተለቅሞ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል በ1953 ኮስታ ሪካ የደረሰው የጌሻ ቡና ዘር፣ በ2004 በፓናማ ውድድር ድል አድርጎ ስሙ በዓለም ገነነ። ይህንኑ ቡና አፍልቶ ከወተትና ከስኳር ጋር በማዋሐድ፣ ጨው በተነሰነሰበት በረዶ መካከል በተቀመጠ ቆርቆሮ ውስጥ የሚያማስል ሰው፣ ጨዉ የበረዶውን ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚያወርደው፣ ያለ ኤሌክትሪክ አይስክሬም ይሠራል።