ፎቶ ስናስተካክል ሌሊቱ እንዳይነጋብን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አማቴ እኛ ዘንድ ሰንብተው ሳለ የባለቤቴ ወንድም ለአንድ ሌሊት ከአገር ቤት መጣ። በመጽሐፍ መሐል ያስቀመጣትን አንዲት ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይዞ ነበር። የአባታቸው ብቸኛ ፎቶ ናት። ብዙ ዘመን ታጥፋ ስለኖረች ከግንባር እስከ ከረባት ስንጥቅ ወርዶባታል። አማቴም «ልጄ፣ በዚህ በኮምፒውተርሽ አድሺልኝ» አሉኝ።

ስካን አደረግኋትና ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፎቶሾፕ ከፍቼ ተቀመጥሁ። ስንጥቁን፣ ነጠብጣቡን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠርግ እኩለ ሌሊት አለፈ። ከዚያም በዚያው በቀድሞ ስሙ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት።

ጠዋት ለአማቴ ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩትና፣ «ይህ ጠባሳ የሌለው ሰውዬ ማነው?» አሉኝ። ለካስ በጉንጫቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ የወረቀት ጭረት መስሎኝ አጥፍቼው ኖሯል! ልመልሰው ብል ፋይሉ ተዘግቷል፤ የመጀመሪያው ስካን በአዲሱ ተተክቷል፤ ፎቶዋም በማለዳው አውቶቡስ ወደ አገር ቤት ተመልሳለች። እስክትመጣ ሦስት ወር ጠበቅን። በእነዚያ ሦስት ወራት ይህን ሥራ እንደ ሰው ተማርሁት።

ከሁሉ በፊት ዋናውን አትንኩ። ስካን ያደረጋችሁትን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ በሌላ ፎልደር አስቀምጡ። ከዚያም ፎቶውን ስትከፍቱ በላዩ አንድ ባዶ ሌየር ጨምሩ። ሌየር ማለት በሥዕል ላይ እንደተነጠፈ መስታወት ነው፤ በመስታወቱ ላይ የምትሠሩት ከሥር ያለውን አይነካም። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ይህ አልነበረውም፤ ያገኘው በ1994 በሦስተኛው እትሙ ነው። እኔ ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ ሌየር እንዳልተፈጠረ ሆኜ ነበር የምሠራው።

ቀጥሎ «ስፖት ሂሊንግ ብሩሽ» የሚባለውን ምረጡና ከላይ ባለው መስመር «ሳምፕል ኦል ሌየርስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። አሁን ጥገናው ሁሉ የሚያርፈው በባዶው ሌየር ላይ ነው። ጠባሳ ካጠፋችሁ የዚያን ቦታ ጥገና ብቻ በማጥፊያው መደምሰስ ነው፤ ጠባሳው ከሥር ብቅ ይላል። ፎቶውን ስታደምቁም «አድጃስትመንት ሌየር» ተጠቀሙ። ሌሊት በደከመ ዓይን ያደመቃችሁት ጠዋት የነጣ መስሎ ከታያችሁ ቁጥሩን ብቻ ትለውጣላችሁ እንጂ ሥራውን እንደገና አትጀምሩም።

ሥራው እስኪያልቅ ፒኤስዲ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሌየሮቹ እንዳሉ ይቆያሉ። ጄፔግ ሌየር አይዝም፤ ደግሞም እየተስተካከለ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ከጥራቱ ይጎድላል። ጄፔግ የሚያስፈልገው በመጨረሻ፣ ለማተሚያ ቤት ወይም ለሰው ስትልኩ ነው። ኮንትሮልና ዜድ መልሶ ያወጣኛል ብላችሁም አትተማመኑ፤ ፋይሉ ከተዘጋ ትዝታውም አብሮ ይጠፋል።

ስለ ፍጥነት ላንሳ። ቀኝ እጃችሁ ማውስ ላይ ሲሆን ግራ እጃችሁ ኪቦርድ ላይ ይረፍ። ሁሉንም አቋራጭ በአንድ ቀን ለመሸምደድ አትሞክሩ። እኔ በሳምንት ሁለት ሁለት እያልሁ ነው የያዝሁት። ባለ ማዕዘን ቅንፎቹ ብሩሹን ያሳንሱታል፣ ያተልቁታል። ስፔስን ተጭናችሁ ፎቶውን መጎተት፣ በኮንትሮልና ዜሮ ሙሉውን ማየት ይቻላል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጥገና ወደ ምናሌው እየተመለሱ ሲሠሩ የሚባክነውን ሰዓት ያየ ያውቀዋል።

ፎቶው ብዙ ሲሆንስ? አንድ ጊዜ የዘመዳችንን ሠርግ 140 ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈትሁ ሳሳንስ ሁለት ሌሊት ሄደብኝ፤ ባለቤቴ ሻይ አፍልቶ ቢያመጣልኝም ሲቀዘቅዝ ነው የጠጣሁት። ለዚህ «ኢሜጅ ፕሮሰሰር» አለ። «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ስክሪፕትስ» ላይ ታገኙታላችሁ። ፎልደሩንና የምትፈልጉትን መጠን ንገሩትና ወጥ ሥሩ። የተሠሩት የሚቀመጡበት ሌላ ፎልደር መስጠትን አትርሱ። የሰው ፊት ማድመቅን ግን ለዚህ መሣሪያ አትተዉለት፤ ሁሉም ፎቶ የተነሣው በአንድ ዓይነት ብርሃን አይደለምና።

ለኅትመት የተለመደው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። ስለዚህ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚታተም ፎቶ ወደ 1181 በ1772 ፒክስል ይፈልጋል። በቴሌግራም የሚልክላችሁን ሰው «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይታመቃል፣ ጥራቱም ይቀንሳል።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ጣታችሁ ኮንትሮልና ኤስን ይልመድ። ከ2012 ወዲህ የወጡት የፎቶሾፕ እትሞች በየ10 ደቂቃው በራሳቸው ያስቀምጣሉ፤ እኔ ወደ 5 ዝቅ አድርጌዋለሁ። ፎቶሾፕ ዛሬ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ስለሆነ አቅም ካልፈቀደ ጊምፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አለ። ሌየርም፣ ጥገናም አለው፤ አቋራጮቹ ብቻ ይለያያሉ።

ፎቶዋ ተመልሳ ስትመጣ አማቴ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንድ ነጠብጣብ ላጠፋ ስል «ይህስ የእሳቸው ነው?» እያልሁ እጠይቃቸው ነበር። ያን ቀን ከአንድ ሰዓት በታች ጨረስን። የከረባቱን እጥፋት ግን «እሱን ተይው፣ እኔ ነኝ ያጠፍሁት» ስላሉኝ እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ይታያል።