የወፍ በሽታ፣ ክሎሪንና የክረምት ውሃ

የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ማለት የቆየ ልማድ ነው። የሌሊት ወፏ ግን በዚህ የለችበትም። ዓይን ቢጫ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ሲታመም ነው። ጉበትን ከሚያሳምሙት አንዱ የሆነው ሄፓታይተስ ኢ የተባለ ቫይረስ በሰገራ በተበከለ ውሃ ይተላለፋል፤ በተለይ እርግዝናቸው የገፋ እናቶችን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከብሉ ናይል የሸሹ ሱዳናውያን በተጠለሉበት በደቡብ ሱዳን ማባን፣ በ2014 ደግሞ በጋምቤላ የስደተኛ ካምፖች ተዛምቶ ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን እየገቡ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

«ክሎሪን ለኮሌራ እንጂ ለቫይረስ አይሆንም» የሚለው አባባልም ስህተት ነው። ክሎሪን የቫይረሱን የፕሮቲን ሽፋንና በውስጡ ያለውን ዘረመል ያበላሻል። በጠራ ውሃ ላይ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ከተረፈ፣ እንደ ሮታ ያሉት የተቅማጥ ቫይረሶች በአብዛኛው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። የአሶሳ ሙቀትም ሥራውን ያፋጥነዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ውሃ አጋር (የክሎሪን መድኃኒቱን) ከጨመርኩበት በቃ» የሚለው እምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 መገባደጃ ላይ የዴልሂ የመጠጥ ውሃ ምንጭ በፍሳሽ ሲበከል የጣቢያው ሠራተኞች ክሎሪኑን ጨመሩ። ታይፎይድና ተቅማጥ አልተስፋፋም፤ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሰዎች ግን ወደ 29,000 ደረሱ። ባክቴሪያው ሲሞት ቫይረሱ ተርፏል። ጭቃና ሰገራ ክሎሪኑን ይበሉታል፤ ቫይረሱንም ይከልሉታል።

ስለዚህ በክረምት ከምንጭ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ መጀመሪያ ይጥለል። የጠለለውን በንጹሕ፣ በታጠፈ ነጠላ አጣርቶ ወደ ሌላ ጀሪካን መገልበጥ፣ መድኃኒቱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ መነቅነቅ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ነው። የክሎሪን ሽታ ጨርሶ ከሌለ «ውሃው ጸዳ» ማለት አይደለም፤ ክሎሪኑ አልቆ ሊሆን ይችላል። ያልታጠበ እጅና ጣሳ የገባበት ውሃም እንደገና ይበከላል።

ውሃው አልጠራ ካለ ማፍላት ይሻላል። «ደጋ ላይ የፈላ ውሃ ጀርም አይገድልም» የሚሉ አሉ፤ ይህም ስህተት ነው። አሶሳ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለአንድ ደቂቃ ከተንተከተከ ይህ ሙቀት ለቫይረሱም፣ ክሎሪን ለማይበግረው ክሪፕቶስፖሪዲየም ለተባለው ጥገኛ ተሕዋሲም በቂ ነው።