የሥራ ኃላፊ ሁሉን አቅፎ መሥራትን ከየት ይማራል?



በመጠለያ ጣቢያ ኮሚቴ ሲመረጥ፣ የወፍጮ ማኅበር ሲቋቋም ወይም ለራሽን እደላ የቀን ሠራተኛ ሲቀጠር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቅሬታ «የራሳቸውን ሰው ብቻ ያስገባሉ» የሚለው ነው። ቅሬታው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኃላፊው ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው፣ ሳይታወቀውም ሌላውን ያስቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ለምሳሌ የምናነሣውም ብዙዎቻችን ያለፍንባትን ካርቱምን ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረችውን ካርቱም የሚያውቅ ሰው ሻይ ሻጮቹን አይረሳም። የከሰል ምድጃ፣ ጥቂት ብርጭቆ፣ የቅርንፉድና የዝንጅብል ጣሳ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ለደንበኛ የተደረደሩ አጫጭር በርጩማዎች። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ከኑባ ተራሮች፣ ከዳርፉርና ከደቡብ በጦርነት የተፈናቀሉ ሴቶች ነበሩ። የእኛም እኅቶች ከእነሱ ጎን ጀበና ጥደው ኖረዋል። በቋንቋም በትውልድም የተለያዩትን እነዚህን ሴቶች እኩል የሚያደርጋቸው ከሻ ነበር። ፖሊስ ሲደርስ በርጩማውም ማንቆርቆሪያውም በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ የዕለት እንጀራም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ መሣሪያ ሆኖ የቆየው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ነው።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ አዋዲያ መሕሙድ ኮኮ ናቸው። የደቡብ ኮርዶፋን ተወላጅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጦርነት ምክንያት ከአገራቸው ተፈናቅለው ካርቱም ገቡና ሻይ መሸጥ ጀመሩ። ሥራው የተናቀ ስለ ነበር ከቤተ ዘመድ ሳይቀር ወቀሳ ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ግን ፖሊስ የሚያንገላታቸውን ሻይና ምግብ ሻጭ ሴቶች አሰባስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም ዕቃቸው ለተወሰደባቸው የሕግ ድጋፍ ያደርግ ጀመር። ከዚያም በካርቱም ክፍለ ሀገር ደረጃ የሴቶች ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበርን በሊቀ መንበርነት መርተዋል።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ማኅበሩ ገንዘቡን ያዋለበት አንድ ሥራ ከስሮ ዕዳ ውስጥ በገባ ጊዜ ሊቀ መንበሯ ለዓመታት ታስረዋል። ከእስር ወጥተው ግን ወደዚያው ወደ አመራር ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ለደፋር ሴቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ2019 ሕዝቡ በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ለተቃውሞ በተቀመጠ ጊዜም ምግብ ከሚያበስሉት መካከል ነበሩ።

ለእኛ ከሽልማቱ ይልቅ ትርጉም ያለው አንድ ነገር ነው። ወይዘሮ አዋዲያ የራሳቸው ምድጃ ሲወሰድ «የእኔ ዕድል» ብለው ሊተዉት፣ ወይም ከአገራቸው ልጆች ጋር ብቻ ሊረዳዱ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በሥራው ላይ ያለችውን ሁሉ ቆጠሩ። ኃላፊ የሚያድገው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ በራሱ ላይ የደረሰው በማያውቀውም ሰው ላይ እንደሚደርስ ሲያይና ያንን ሰው ከመዝገቡ ውስጥ ሲያስገባ።

ይህ ለእኛ ለምን ይከብደናል? መተጋገዙንማ ከማንም በላይ እናውቅበታለን፤ ሐበሻ በሄደበት ሁሉ እቁብና እድር አለ። ነገር ግን እቁባችን የቆመው በመተዋወቅ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋስ የሚሆነውም የአገር ልጅ፣ የሰፈር ሰው ነው። ትናንት ማታ ድንበር ተሻግሮ የገባው ሰው ዋስ የለውም። ስለዚህ ማንም ሳይጠላው ይቀራል። ለእቁብ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ሥራ ስንቀጥርና ኮሚቴ ስናዋቅርም ሳናስበው በዚሁ የእቁብ ልማድ መመራታችን ግን ትክክል አይደለም። ራሽን የሁሉ እንደ ሆነ ሥራውም የሁሉ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞች የጀመሩት ይህ ዓይነቱ ማኅበር፣ በ1995 ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እንደ ገና ባጸደቃቸው መመሪያዎች ውስጥ የመጀመሪያ አድርጎ ያስቀመጠው አባልነት ያለ ጾታ፣ ያለ ዘር፣ ያለ ሃይማኖትና ያለ ፖለቲካ ልዩነት ክፍት እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፣ አባላቱ በእኩል ድምፅ ማኅበሩን እንዲቆጣጠሩ ነው። ዋሱ የአገር ልጅነት መሆኑ ቀርቶ ደንቡና መዝገቡ ይሆናል ማለት ነው።

የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ከዚህ ቀደም በአንድ ጣቢያ ስንሠራ ለቤት ለቤት ምዝገባ ሠራተኞች አስፈለጉን። ማስታወቂያውን በአማርኛ ጽፈን በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ለጠፍን፤ ሁለት ቀን ቆየ። የመጡት ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ካለው ሰፈር ነበሩ። «ሌላ ሰው ካልመጣ ምን እናድርግ?» ብለን ቀጠርናቸው። ምዝገባው ሲጀመር ባላቸው አብሯቸው የሌለ ሴቶች ለማያውቁት ወንድ ስለ ቤታቸው መናገር አልፈለጉም። አማርኛ የማይሰሙ ሽማግሌዎች ስማቸው ተሳስቶ ተጻፈ። ስማቸው የተሳሳተባቸው አንዲት አሮጊት ራሽናቸውን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ተመላለሱ። በመጨረሻም፦ «ልጆቼ፣ ወረቀቱን የለጠፋችሁት ሴቱ ሁሉ ውኃ ወረፋ ላይ በዋለበት ቀን ነው። ደግሞስ ወረቀቱን ለእኛ ማን ያንብብልን?» አሉን። የምንመልሰው አጣን።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው በውኃ ቦታው በጣቢያው በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አደረግን። ጊዜው ወደ አንድ ሳምንት ተራዘመ። ከመራጮቹ መካከልም ሁለት ሴቶች ተቀመጡ። በዚህኛው ዙር ከተቀጠሩት አንዱ እግሩ የተቆረጠ ወጣት ነበር፤ አስቀድመን «ቤት ለቤት መዞር አይችልም» ብለን የመለስነው ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን መዝገቡን ሰጠነው፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን ስሞች ለቅሞ ያወጣው እሱ ነው። በአገራችን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለጉዳተኛው የሥራው ሁኔታ እንዲመቻችለት ያዝዛል። እኛ አዋጁን እናውቀው ነበር፤ ጠረጴዛው ግን ትዝ አላለንም። በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ለዓመታት ሲያስረዱ የኖሩትም ሰውን በጎደለው ሳይሆን ባለው ችሎታ መመዘን እንደሚገባ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ማታለል ይሆናል። ኃላፊው በር ሲከፍት መጀመሪያ የሚቆጣው ወገኑ ነው። «ያሳደግነው ልጅ ከዳን»፣ «ለባዕድ ሰጠብን» ይባላል፤ ቡና የሚጠራው ጎረቤት ይቀንሳል። ከእኛ መካከል አንዱ የአጎቱን ልጅ ሳይቀጥር በመቅረቱ ከዘመድ ተኳርፎ ነበር። ያዋጣው የተመረጡትንና ያልተመረጡትን ስም ከነምክንያቱ በግልጽ መለጠፉ ነው። የአጎቱ ልጅ ዝርዝሩን ቆሞ አነበበ፤ መዝገብ ጽፎ እንደማያውቅ በምክንያትነት ሰፍሯል። በማግስቱ መጥቶ «መዝገብ አያያዝ የት ነው የምማረው?» አለ። እግሩ ከተቆረጠው ወጣት አጠገብ ወንበር ሰጠነው።